ስለ አንድ ተሳቢ ወለል

ቤት ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል፤ ግድግዳውን በመዳፉ ዳብሶ ያደንቃል፤ በሩን የሠራው አናጢ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ወለሉን ግን ረግጦት ያልፋል። ወለል የሚታወሰው ሲሰበር ብቻ ነው። ቋንቋችን ከእኛ ይልቅ ለወለል ክብር ሰጥቶታል። ተሰውሮ የኖረ ነገር በድንገት ሲገለጥልን «ወለል ብሎ ታየኝ» እንላለን፤ በር አንዳች ሳይቀረው ሲከፈትም «ወለል አለ» እንላለን። ከእግር በታች ያለውንና ፊት ለፊት የተገለጠውን በአንድ ድምፅ መጥራታችን ለባለ ቅኔ የሚናቅ ስጦታ አይደለም። «መድረክ» የሚለውም ቃል ዛሬ ተዋናይ የሚቆምበትን ከፍታ ያመልክት እንጂ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሲነበብ የበር ደፍ ነው፤ እግር ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሻገር የሚረግጠው ማለት ነው። ወለልም ሆነ መድረክ ትርጉማቸውን የሚያገኙት ከሚረግጣቸው እግር ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ አሮጌ ተሳቢ ነው። በሰበታ ተውኔት የሚለማመዱ ወጣቶች፣ በአንድ ግቢ ጥግ ለዓመታት ተጥሎ የኖረ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ገንዘብ አዋጥተው ገዙ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ነው። ሻንሲው ዝገት ይልበስ እንጂ ጤነኛ ነበር፤ ባሌስትራውም አልተሰበረም። ወለሉ ግን በስብሶ፣ በቀዳዳው ሣር በቅሎ ወጥቶ ነበር። የወጣቶቹ ሐሳብ ግልጽ ነው። ተሳቢው በሥራ ቀን ጭነት እየጫነ ገንዘብ ያስገኛል፤ በበዓል ቀን ደግሞ የተውኔቱን ዕቃ ተሸክሞ ገበያ ዳር ይደርስና፣ ዕቃው ሲራገፍ ራሱ መድረክ ይሆናል። ከጻፍኋቸው አጫጭር ተውኔቶች አንዱን ሊጫወቱ ስለ ወሰኑ እኔንም ጠሩኝ። ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ተውኔቱ አልነበረም፤ «ወለሉን ከምን እናድርገው?» የሚል ነበር። በዚህ ጥያቄ ሁለት ወር ያህል ተከራከርን።

ሰበታን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ የተዘረጋች የፋብሪካ ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ አንደኛው ጫፉ እዚህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃላለች። መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ በያጅና ጎማ ጠጋኝ ሞልቶባታል። የአዲስ አበባው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፍቶ ለተዋንያን የሚመች ሰፊ ወለል ካዘጋጀ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በዙሪያው ላሉት ከተሞች ግን ቴአትር እስከ ዛሬ በአብዛኛው ጉዞ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ወጣቶቹ ሕዝቡ ወደ መድረኩ እስኪመጣ ከመጠበቅ መድረኩን ወደ ሕዝቡ ለመውሰድ ማሰባቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዟ ዮርክ ከተማ የሙያ ማኅበራት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሠረገላ ላይ እየተጫወቱ ከአደባባይ አደባባይ ይዘዋወሩ ነበር። የኖኅን መርከብ አሠራር የሚያሳየው ክፍል የመርከብ ሠሪዎች ድርሻ ነበረ፤ ጣውላ ማጋጠም የሚያውቅ ሰው ጣውላ ሲያጋጥም ለማየት ሕዝቡ የታደለ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ የስፔኑ ባለ ቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ «ላ ባራካ» በተባለው የተማሪዎች ቡድን መሪነት፣ ተነቃቃይ መድረክ በመኪና ጭኖ ቴአትር አይተው ወደማያውቁ መንደሮች ዘልቋል። በእኛም አገር በ1970ዎቹ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ከአዳራሽ ይልቅ ሜዳን ያውቁ ነበር። ሕዝብ ዘንድ የሚሄድ ቴአትር ሁሉ ከድርሰቱ ቀጥሎ የሚያሳስበው ከእግር በታች ያለው ነው።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። ተሳቢውን ሊጎትት የተስማማው ባለ ፒካፕ ከሃያ ዓመት በላይ የነዳ ሰው ነው፤ የእርሱ ድምፅ ለላሜራ ነበር። «እናንተ ልጆች በወር አንድ ቀን ትጫወቱበታላችሁ፤ የቀረውን ሃያ ዘጠኝ ቀን ሲሚንቶና አሸዋ ነው የሚጫወትበት። አሸዋ በአካፋ የሚዛቀው ከላሜራ ላይ ነው፤ እንጨት ላይ አካፋው ይነክሳል» አለ። ነገሩ እውነት ነው። ላሜራ ይበየዳል፤ ከሻንሲው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ምስጥም አይበላውም። ነገር ግን የሰበታን የመጋቢት ፀሐይ የጠጣ ላሜራ በባዶ እግር አይረገጥም። የሐምሌ ዝናብ የወረደበትም ያንሸራትታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሜራ ይጮኻል። በየአገሩ የቴአትር ቤት ሰዎች ነጎድጓድ የሚፈጥሩት ስስ ላሜራ ሰቅለው በማንቀጥቀጥ ነው። በላሜራ ወለል ላይ እናት የታመመ ልጇን እንዳትቀሰቅስ በእግሯ ጫፍ ስትራመድ ነጎድጓድ ሊሰማ ነው።

በያጁ ወጣት ኮምፔንሳቶ ይሁን አለ። ይህም ክፉ ምክር አልነበረም። ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን ተገጥሞ ያልቃል፤ ፊቱም ለጥ ያለ ነው። ጠላቱ ውኃ ነው። ንብብሩን ያያያዘው ሙጫ ውኃ የማይፈራ ዓይነት ካልሆነ፣ አንድ ክረምት በጠርዙ የገባ ርጥበት እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገላልጠዋል። ሲበላሽም በከፊል አይጠገንም፤ አንድ ጥግ ቢበሰብስ ሰፊው ገበታ በሙሉ ይነሣል።

እኔ ልቤ ያዘነበለው ወደ ዋንዛ ነበር። ዋንዛ ለአናጢ እጅ የሚታዘዝ፣ በርና ወንበር ሆኖ ትውልድ የሚሻገር እንጨት ነው። ከበሮም የሚፈለፈለው ከዋንዛ ነው። ተዋናይ ከከበሮ እንጨት ላይ ቆሞ ሲናገር ማሰብ ለባለ ቅኔ ምን ያህል እንደሚያጓጓ አንባቢ ይረዳል። ሌላው ደግሞ ጥድን ጠራ። ጥድ መዓዛ አለው፤ ምስጥና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ለዘመናት የቤተ ክርስቲያን ዓምድና የአጥር ቋሚ ሆኖ ኖሯል፤ ምንም እንኳ ምስማር ሲመታበት ቶሎ ቢሰነጠቅ። ጥድን ለማየት ከሰበታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በወጨጫ ተራራ ላይ የሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ነው። ነገር ግን ያ ደን እስከ ዛሬ የቆመው ሰዎች ሊቆርጡት ስላልፈለጉ ሳይሆን እንዳይቆርጡት ስለ ተከለከሉ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ1999 ዓ.ም.፣ ኋላም በ2010 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ አራቱን ዛፎች ለይቶ ያስጠራቸው ችግር፣ የእነርሱ መመናመን፣ አልተተካም። ሕጋዊ ሆኖ ከግል ይዞታ የተገኘ ዋንዛ በገበያው አይጠፋም፤ ዋጋው ግን የአልጋና የቁም ሣጥን ዋጋ እንጂ የአሸዋ መጫኛ ዋጋ አይደለም። ስለ አገር ፍቅር የሚናገር ተውኔት ከአገር በቀል ዛፍ ሬሳ ላይ መቆሙም ለእኔ አልተዋጠልኝም።

የቀረው ባሕር ዛፍ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ፣ ማገዶና ማገር አጥታ ልትለቀቅ የታሰበችውን አዲስ አበባን በቦታዋ አጽንቷታል። አማርኛው «ባሕር ዛፍ» ሲለው፣ የሰበታና የሱሉልታ ገበሬ ኦሮምኛ ደግሞ «ባርጋሞ» ይለዋል፤ ይህም ከባሕር ማዶ እንደ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይማከሩ እንግድነቱን በስሙ ላይ ጻፉበት። ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ ነገር አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ሲቆረጥ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ደጋግሞ የሚታጨድ፣ ማንንም ሳያስከስስ የሚገዛ እንጨት እርሱ ነው። ማንም ግን ለመድረክ አላሰበውም። አጣና ነው፤ ማገዶ ነው፤ የሕንፃ መወጣጫ ነው። ወጣቶቹም ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ጠቆረ።

ነገሩን የለወጡት አንድ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ፣ ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። «ባሕር ዛፍ ጠማማ ነው፣ ይሰነጠቃል ይላሉ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የሚሰነጠቀው ቸኩለው ሲሠሩበት ነው። ትናንት የቆመውን ዛሬ ሰንጥቀው፣ ነገ ይመቱታል። እንዴት አይጠመም? ገና ውኃውን አልጨረሰም» አሉኝ። ከቤታቸው ኋላ ወስደውም ጥላ ሥር የተደረደረ ጣውላ አሳዩኝ። በየጣውላው መካከል ስስ እንጨት ገብቶ አየር ያሳልፋል፤ ጫፍና ጫፉ ቀለም ተቀብቷል፤ ምክንያቱም እንጨት በጫፉ ከጎኑ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃልና ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከላዩ ድንጋይ ተጭኖታል። አናጢዎች ለአንድ ጣት ውፍረት አንድ ዓመት ይቆጥራሉ፤ ይህ 4 ሳንቲ ሜትር የሚወፍረው ጣውላ ሁለት ዓመት ቆይቷል። የራሳቸውን ቤት ወለል ሊያለብሱበት ያዘጋጁት ነበር።

ከመግዛታችን በፊት ግን ሌላ ፈተና ነበረ። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት መገኛ ናት። ከብዙ የአገራችን ማዕዘን የመጡ ዓይነ ስውራን ልጆች ፊደልን በጣታቸው የለዩት እዚህ ነው። ስለዚህ በሰበታ ተውኔት የሚያሳይ ሰው ከታዳሚው መካከል በጆሮው የሚመለከት እንዳለ ማወቅ አለበት። የወጣቶቹ ወዳጆች የሆኑ ሁለት ዓይነ ስውራን ወንድማማቾች በክርክሩ ላይ ነበሩና፣ ታላቁ «ሁላችሁም ስለ ወለሉ መልክና ዋጋ ታወራላችሁ፤ እኛን ደግሞ ድምፁን አሰሙን» አለ።

እንዳለው አደረግን። በሁለት ብረት ላይ መጀመሪያ ላሜራ፣ ቀጥሎ ኮምፔንሳቶ፣ በመጨረሻም ከአናጢው የተዋስነውን አምስት የባሕር ዛፍ ጣውላ በየተራ አጋደምን። አንዲት ተዋናይት ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የት እንደ ቆመች ይናገራሉ። በላሜራው ላይ ስትረግጥ ታናሹ ሳቀና «ዝናብ መጣ እንዴ?» አለ። በኮምፔንሳቶው ላይ ድምፁ ጥሩ ነበር፤ እንደ ከበሮ ይሞላል፤ ነገር ግን ገበታው አንድ ስለ ሆነ የትም ብትረግጥ በሙሉ ይመልሳል። «እዚህም ናት፣ እዚያም ናት» አሉ። በጣውላዎቹ ላይ ስትራመድ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያም ታላቁ እጁን ዘርግቶ «አሁን ከእኔ ሦስተኛው ላይ ናት። አሁን ወደ ኋላ ዞረች። ግራ እግሯን ታስቀድማለች» አለ። ተዋናይቱ በድንጋጤ ግራ እግሯን አየች።

ምክንያቱን ለማስረዳት የፊዚክስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የክራር አውታሮች የተለያየ ድምፅ የሚሰጡት እያንዳንዱ ለብቻው የተወጠረ ስለ ሆነ ነው። ለየብቻ የታሰረ ጣውላም እንዲሁ ነው። አንዱ ቋጠሮ አለበት፤ አንዱ በጥቂቱ ይሳሳል፤ አንዱ ቡሎኑ ጠበቅ ብሏል። ወጥ የሆነ ገበታ ግን ማን የት እንዳለ አይለይም። ለዓይናማው ተመልካች የተዋናይት ቦታ በብርሃን ይነገረዋል፤ ለዓይነ ስውሩ የሚነግረው ወለሉ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የላሜራው ጠበቃ የነበረው ሾፌር እንኳ ስለ አሸዋው ብቻ ጠየቀ እንጂ አልተከራከረም። ለእርሱም መልስ ተገኘለት፤ አሸዋ በሚጫንበት ቀን ከጣውላው ላይ የሚነጠፍና በማግስቱ የሚነሣ ስስ ላሜራ ይዘጋጃል።

ስለ ክብደት ብዙ ሰው የሚለውን እዚህ ላይ ማረም ተገቢ ነው። እንጨት ሁሉ ከብረት ይቀላል የሚባለው በወለል ላይ ሁልጊዜ አይሠራም። ለ8 ካሬ ሜትር ወለል 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ 250 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 4 ሳንቲ ሜትር የባሕር ዛፍ ጣውላም ደርቆ ከ240 ብዙ አይርቅም። በዚሁ ውፍረት ዋንዛ ቢሆን 150 ገደማ ነበር። ስለዚህ ባሕር ዛፍን የመረጠ ሰው በክብደት አላተረፈም፤ ተሳቢው መጫን የሚችለውን ሲያሰላ የወለሉን ክብደት መቀነስ አለበት።

አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። ሻንሲው ተፍቆ የዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። ተሻጋሪ ብረቶቹ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ስላሉ፣ ወርዳቸው ሃያ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አሥር ጣውላዎች ከፊት ወደ ኋላ በርዝመቱ ተዘረጉ፤ ከኋላ የሚገፋ ጭነት በእንጨቱ አቅጣጫ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። በጣውላና በጣውላ መካከል ለውኃ መውረጃና ለእንጨቱ ማበጫ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተተወ። በብረቱና በእንጨቱ መካከል የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ገባ፤ ይህም ርጥበት እንዳይታቆር፣ ተዋናይ በጸጥታ በሚቆምበት ጊዜም ወለሉ እንዳያንቋርር ነው። ምስማር አልተጠቀምንም። የቡሎኑ ቀዳዳ አስቀድሞ ተበሳ፤ ራሱም በእንጨቱ ውስጥ እንዲጠልቅ ተደረገ፤ እስክስታ የሚወርድ ሰው በባዶ እግሩ ነውና። ለጨዋታ ሲቆምም ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ወደ አንድ ወገን እንዳይደፋ በአራቱ ማዕዘን የብረት እግር ይገባለታል።

ለቅቡ ሾፌሩ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አቀረበ። የአጥር ቋሚ የሚቀባው በዚያ ነውና ልማዱ ነው። ነጭ ቀሚስና ነጠላ ለብሳ ለምትንበረከክ ተዋናይት ግን አይሆንም። ላዩ የተልባ ዘይት ተቀባ። ተልባ ከምግብነቱ ሌላ እንጨት ውስጥ ገብቶ በአየር የሚደርቅ ዘይት ይሰጣል፤ በስሱ ተቀብቶ ትርፉ መጠረግ አለበት፤ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። የጠረጉበትን ጨርቅ ደግሞ ጠቅልሎ መጣል አደገኛ ነው፤ ዘይቱ ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ግድ ነው።

ለሽማግሌው የጣውላውን ዋጋ ከፍለናቸዋል። የከፈልነው ግን በአብዛኛው የእንጨት ዋጋ አልነበረም፤ እኛ ልንጠብቀው ያልቻልነውን ሁለት ዓመት እርሳቸው ስለ ጠበቁልን ነው። የእርሳቸው ቤት ወለል እስከ ዛሬ ያው የተደለደለ አፈር ነው። አዲስ ግንድ አስሰንጥቀው እንደ ገና ጥላ ሥር ደርድረዋል። ስለዚህ ነገር ባነሣሁባቸው ቁጥር «ጣውላው ከተረገጠ ምን ይላል? እኔም እመጣና እረግጠዋለሁ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገሩም።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ለተሳቢ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። የወለል ምርጫ ከገበያ ዋጋና ከዕድሜ ብዛት በፊት የሰው ጉዳይ ነው። በላዩ የሚቆመው ማን ነው? የሚሰማው ማን ነው? ሲሰበርስ የሚጠግነው ማን ነው? ከአሥሩ ጣውላ አንዱ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ አራት ወይም አምስት ቡሎን ፈትቶ አንዱን ብቻ መለወጥ ለሰበታ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዘጠኙ በቦታቸው ይቆያሉ፤ አዲሱ ደግሞ የራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፤ ወንድማማቾቹም ለውጡን ከማንም በፊት እንደሚያውቁት አልጠራጠርም።

በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሌሎች ከተሞች በየመጋዘኑና በየግቢው ጥግ ወለሉ የበሰበሰ ተሳቢ አይጠፋም። ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ መድረክ ሊሆን ይችላል። የኪነ ጥበብ ወዳጆች አዳራሽ እስኪሠራ ከመጠበቅ ወደነዚህ ግቢዎች ገብተው ይመልከቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተውኔት ለማሳየት ያሰበም ባሕር ዛፉን ዘንድሮ አስሰንጥቆ ጥላ ሥር ይደርድር።